ምዕራፍ ሰባት፦ ኮርዶች ወዴት ይሄዳሉ?

ባለፈው ምዕራፍ ኮርድ ምን እንደሆነ አይተናል። ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ድምፆች በአንድ ጊዜ ሲመቱ ጆሮ ለየብቻ መቁጠሩን ትቶ እንደ አንድ ነገር ይሰማቸዋል፤ ዶ፣ ሚ እና ሶል አንድ ላይ ሲሰሙ የዶ ኮርድ የምንለው ይህንን ነው። እዚያ ሳንነካው ያለፍነው ጥያቄ ግን ከሁሉ የሚከብደው ነው። አንድ ኮርድ ሄዶ ሌላው ሲተካ ምን ይፈጠራል? የጃዝ ሰዎች «ስታንዳርድ» የሚሏቸውን ዘፈኖች፣ ማለትም ሙያተኛው ሁሉ ስለሚያውቃቸው ተገናኝተው የማያውቁ ሙዚቀኞች እንኳ መድረክ ላይ አብረው ሊጫወቷቸው የሚችሉትን ዜማዎች፣ መረዳት የፈለገ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ወረቀቱን ሲከፍት በ32 ባሮች ውስጥ የተደረደረ የኮርድ ስም ያያል። ባር ማለት እኩል የምት ቁጥር የሚይዝ የዘፈኑ ክፍል ነው። ስሞቹን አንድ በአንድ መሸምደድ ይጀምራል፤ ጥቂት ከሄደ በኋላ የመጀመሪያዎቹ ይጠፉበታል፤ ከዚያም «ይህ ነገር ለተማሩት ነው» ብሎ ይተወዋል።

የዚህ ምዕራፍ አሳብ አንድ ነው። የኮርድ ለውጥ የስም ዝርዝር ሳይሆን የጥቂት ድምፆች ጉዞ ነው፤ ጉዞውን የሚመራውም ወደ ቤት የመመለስ ስበት ነው። ስበቱን የሰማ ጆሮ ስሞቹን ሳይሸመድድ ዘፈኑን መከተል ይችላል። ለነቀምቴ፣ ለጊምቢ፣ ለደምቢ ዶሎና ለሌሎቹ የወለጋ ከተሞች አንባቢ ደግሞ ይህ ስበት ባዕድ አይደለም። ከጃዝ ጋር ምንም ዝምድና የሌለው በሚመስል በር በኩል ከመቶ ዓመት በፊት ወደ አካባቢው ገብቷል። ይህን በማስረጃ ለማሳየት ግን አስቀድመን ስበቱ ራሱ ምን እንደሆነ መረዳት አለብን።

ባኮ፣ ስሬ፣ ነቀምቴ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ የነቀምቴ ሰው አምቦን፣ ጉደርንና ጌዶን አልፎ ባኮ ሲገባ አብዛኛው መንገድ እንዳለቀ ያውቃል። ስሬ ሲደርስ ደግሞ ዕቃውን መሰብሰብ ይጀምራል። ባኮም ስሬም በራሳቸው ከተሞች ናቸው፤ ለዚህ መንገደኛ ግን ትርጉም የሚሰጣቸው ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ስሬ ለእርሱ «ነቀምቴ ቀረበች» ማለት ነው። አውቶቡሱ ከስሬ ላይ ዞሮ ወደ ኋላ ቢመለስ ማንም ሳይነግረው አንድ ነገር እንደተዛባ ይሰማዋል።

በጃዝ ስታንዳርዶች ውስጥ ከየትኛውም በላይ የሚደጋገመው የሦስት ኮርዶች ቅደም ተከተል የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ዶን ቤት ካደረግን የሬ ኮርድ ይመጣል፤ የሶል ኮርድ ይከተላል፤ ከዚያ የዶ ኮርድ ይሰማና ጉዞው ያርፋል። ሬ ከዶ ሲቆጠር ሁለተኛ፣ ሶል አምስተኛ፣ ዶ ራሱ አንደኛ ስለሆነ ሙዚቀኞች ይህን ሐረግ «ቱ ፋይቭ ዋን» ይሉታል። የሬ ኮርድ እንደ ባኮ ነው፤ ከቤት ርቀን እንዳለን፣ ነገር ግን በትክክለኛው መንገድ ላይ መሆናችንን ይነግረናል። የሶል ኮርድ እንደ ስሬ ነው፤ እዚያ መቆየት አይቻልም፣ የሚቀጥለውን ይጠራል። የዶ ኮርድ መድረሻው ነው። ስለዚህ ኮርዱን ስንሰማ ልንጠይቅ የሚገባን «ስምህ ማነው?» ብለን ሳይሆን «ወዴት እየወሰድከኝ ነው?» ብለን ነው። ስሙ ዘፈኑ በሚጀመርበት ከፍታ ይለዋወጣል፤ ሥራው ግን አይለወጥም። ዘፋኙ ድምፁ እንዲመቸው ዘፈኑን ከፍ ወይም ዝቅ ቢያደርገው ሁሉም ስሞች ይቀየራሉ፤ ሁለተኛው ወደ አምስተኛው፣ አምስተኛውም ወደ አንደኛው መሄዱ ግን እንዳለ ይቆያል።

የሚስቡት ሁለት ድምፆች

የሶል ኮርድ ለምን ቤቱን ይጠራል? መልሱ በውስጡ ባሉት ድምፆች ላይ ነው። ጃዝ ውስጥ ይህ ኮርድ አራት ድምፆች አሉት፤ ሶል፣ ሲ፣ ሬ እና ፋ። ከአራቱ ሥራውን የሚሠሩት ሲ እና ፋ ናቸው። ኪቦርድ ላይ ያሉትን ነጭ ቁልፎች ብንመለከት በአብዛኞቹ መካከል አንድ ጥቁር ቁልፍ አለ። ጥቁር የሌለባቸው ሁለት ቦታዎች ብቻ ናቸው፤ በሚ እና በፋ መካከል፣ እንዲሁም በሲ እና በዶ መካከል። እነዚህ ጥንዶች የሚራራቁት በግማሽ ድምፅ ብቻ ነው፤ ይህም በኪቦርዱ ላይ ካለው ርቀት ሁሉ ትንሹ ነው። ሲ ከዶ በታች ተጠግቶ ይቆማል፤ ፋ ደግሞ ከሚ በላይ ተጠግቶ ይቆማል። ዶ እና ሚ የቤቱ ኮርድ ምሰሶዎች ናቸው። ስለዚህ ሲ ግማሽ ድምፅ ከፍ ቢል፣ ፋም ግማሽ ድምፅ ዝቅ ቢል ሁለቱም በአንድ ጊዜ ቤት ይገባሉ። የሶል ኮርድ ወደ ዶ ኮርድ ሲያልፍ የሚሰማን እርካታ ከሞላ ጎደል ይህ ትንሽ እንቅስቃሴ ነው።

ሲ እና ፋ አብረው ሲሰሙ የሚፈጥሩት ስሜት ደግሞ ለብቻው መታየት አለበት። በምዕራፍ ሁለት እንዳየነው ዶና ሶል አብረው ሲሰሙ የሚያርፉት ንዝረታቸው በቀላል ቁጥር፣ በ2 ለ 3፣ ስለሚመጣጠን ነው። የፋና የሲ ምጥጥን ግን በ32 ለ 45 አካባቢ ነው፤ ንዝረቶቹ በቀላሉ አይገጥሙም። ጥንዱ ያልተረጋጋ ድምፅ ይሰጣል፤ ያልተረጋጋ ነገርም የሚረጋጋበትን ይፈልጋል።

እዚህ ላይ ጥሩ ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል። ይህ ስበት በተፈጥሮ ያለ ነው ወይስ በልማድ የመጣ? ሁሉም የሰው ጆሮ ፋና ሲን ሲሰማ ቤት መግባት ይመኛል? እ.ኤ.አ. በ2016 በ«ኔቸር» የሳይንስ መጽሔት ላይ የታተመው የጆሽ ማክደርሞትና የባልደረቦቹ ጥናት ለዚህ ጥያቄ የሚረዳ መልስ ይሰጣል። በቦሊቪያ የሚኖሩትና ከምዕራቡ ሙዚቃ ጋር እምብዛም ያልተገናኙት የፂማኔ ሕዝቦች የሚያርፉ የሚባሉትንና የማያርፉ የሚባሉትን የድምፅ ጥምረቶች እኩል ደስ እንደሚሉ አድርገው ፈርደዋል። እንግዲህ የንዝረቱ ምጥጥን የተፈጥሮ እውነት ቢሆንም እርሱን እንደ ጭንቀትና እንደ እፎይታ መስማት በአብዛኛው የሚገኘው በመስማት ብዛት ነው። ይህ ግኝት መከራከሪያችንን ያጠናክረዋል፤ ጆሮ የሚሠራው በሰማው ነገር ከሆነ የአንድ አካባቢ ሰዎች ምን ሲሰሙ እንደኖሩ መጠየቅ ተገቢ ይሆናል። ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን አንድ ስታንዳርድ እንክፈት።

አንድ ዘፈን፣ ሁለት ቤት

ለጀማሪ ከሚመረጡት ስታንዳርዶች መካከል «ኦተም ሊቭስ» ግንባር ቀደሙ ነው። ዜማውን ትውልዱ ከሃንጋሪ የሆነው ጆሴፍ ኮስማ እ.ኤ.አ. በ1945 በፈረንሳይ አገር ደረሰው፤ የፈረንሳይኛ ግጥሙ የዣክ ፕሬቬር፣ የእንግሊዝኛው ደግሞ የጆኒ መርሰር ነው። ካኖንቦል አደርሊ ከማይልስ ዴቪስ ጋር ሆኖ በ1958 «ሰምቲንግ ኤልስ» በተባለው አልበም ላይ ከተጫወተው በኋላ የጃዝ ትምህርት መነሻ እስከመሆን ደርሷል። ምክንያቱም የኮርዶቹ ጉዞ ግልጽ ነው።

ዘፈኑን ከዶ ቤት አንጻር ብናስቀምጠው በመጀመሪያዎቹ ስምንት ባሮች የኮርዶቹ መነሻ ድምፆች በቅደም ተከተል ሬ፣ ሶል፣ ዶ፣ ፋ፣ ሲ፣ ሚ፣ ላ ናቸው። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን አሁን እናውቃቸዋለን፤ ባኮ፣ ስሬ፣ ነቀምቴ ናቸው። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ፣ ሲ፣ ሚ እና ላ፣ ደግሞ ሌላ «ቱ ፋይቭ ዋን» ናቸው፤ ከላ ሲቆጠር ሲ ሁለተኛ፣ ሚ አምስተኛ ነው። ልዩነቱ የሚያርፉበት ቤት የላ ቤት መሆኑ ነው፤ እርሱም ማይነር የሚባለው፣ ጠቆር ያለና የትካዜ ስሜት ያለው ቤት ነው። አውቶቡሱ ነቀምቴ ገብቶ መንገደኞችን ካወረደ በኋላ ዴዴሳን ተሻግሮ ወደ ጊምቢ እንደመቀጠል ነው። በመካከል ያለው የፋ ኮርድ ከአንዱ ቤት ወጥቶ ወደ ሌላው መንገድ መግቢያው ነው። ቀጣዮቹ ስምንት ባሮች ይህንኑ ጉዞ ይደግማሉ። ከዚያ በኋላ ግን ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ መጀመሪያ የላ ቤት ይመጣል፣ ቀጥሎ ወደ ዶ ቤት ይመለሳል። የመጨረሻዎቹ ስምንት ባሮች በላ ቤት ያበቃሉ። 32ቱ ባሮች በሙሉ ከሞላ ጎደል እነዚህ ሁለት ጉዞዎች ናቸው፤ በወረቀቱ ላይ ብዙ የሚመስለው ነገር ሁለት ሆኖ ያርፋል።

አሁን ከመነሻ ድምፆቹ ወደ ውስጥ እንግባ። እያንዳንዱ ኮርድ ጠባዩን የሚገልጡ ሁለት ድምፆች አሉት፤ ከመነሻው ሲቆጠሩ ሦስተኛውና ሰባተኛው። በሬ ኮርድ ውስጥ ፋ እና ዶ ናቸው፤ በሶል ኮርድ ፋ እና ሲ፤ በዶ ኮርድ ሚ እና ሲ፤ በፋ ኮርድ ሚ እና ላ፤ በሲ ኮርድ ሬ እና ላ፤ በሚ ኮርድ ሬ እና ከላ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለችው ጥቁር ቁልፍ። በላ ኮርድ ሬ ወደ ዶ ትወርዳለች፤ ጥቁሯ ቁልፍም ግማሽ ድምፅ ወጥታ ላ ላይ ታርፋለች። ይህን ዝርዝር ጮክ ብሎ ያነበበ ሰው አንድ አስደናቂ ነገር ያገኛል። ከመጨረሻው ለውጥ በቀር በየለውጡ ከሁለቱ አንዱ ባለበት ይቆያል፤ ሌላው አንድ እርምጃ ብቻ ይወርዳል። አንዱ መስመር ፋ፣ ፋ፣ ሚ፣ ሚ፣ ሬ፣ ሬ፣ ዶ እያለ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው ይሄዳል፤ ሌላው ከዶ ተነስቶ ሲ፣ ሲ፣ ላ፣ ላ እያለ ይከተለዋል። ሰባት ኮርድ፣ ሃያ ስምንት ድምፅ የመሰለን ነገር በሁለት ጣት የሚሠራ ሆኖ ተገኘ። ጥሩ የጃዝ ተጫዋች በፈጠራው ጊዜ ወዲያና ወዲህ ቢሮጥም ኮርዱ በሚለወጥበት ቅጽበት ከእነዚህ መስመሮች በአንዱ ላይ የሚያርፈው ለዚህ ነው፤ አድማጩም ኮርዱ እንደተለወጠ የሚያውቀው በዚሁ ነው።

ወለጋ ይህን ድምፅ ከየት ሰማ?

የኮርድ ሙዚቃ ወደ ኢትዮጵያ የገባበት ታሪክ ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚወሳው አዲስ አበባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 የመጡት አርባ የአርመን ወጣቶች፣ አሰልጣኛቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን፣ የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ፣ በኋላም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና ነርሲስ ናልባንዲያን። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሌላ በርም ነበር። ኦነሲሞስ ነሲብ በስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ሥር ሆኖ በኦሮምኛ ያዘጋጀው የመዝሙር መጽሐፍ በ1887 ምፅዋ አካባቢ ታተመ፤ በአስቴር ገኖ እርዳታ የተረጎመው ሙሉ የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ወጣ። በ1904 ወደ ወለጋ ተመልሶ በነቀምቴ ሰዎችን አስተማረ፤ በዚያም በ1931 አረፈ። የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን በ1919 ወደ ደምቢ ዶሎ፣ የጀርመኑ ሄርማንስቡርግ ሚሲዮን ደግሞ በ1928 ወደ አይራ ደረሱ። በ1959 የተመሠረተችው የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ብዙ ምእመን ካሏት አካባቢዎች አንዱ ወለጋ ነው።

እነዚህ ሚሲዮኖች ይዘዋቸው የመጡት የሰሜን አውሮፓና የአሜሪካ መዝሙሮች በኮርድ ላይ የተሠሩ ናቸው። በአራት ድምፅ፣ በሶፕራኖ፣ በአልቶ፣ በቴኖርና በባስ፣ እንዲዘመሩ ሲጻፉ እያንዳንዱ ስንኝ የሚዘጋው በአብዛኛው የሶል ኮርድ ወደ ዶ ኮርድ በሚያልፍበት መንገድ ነው። «አሜን» ከመባሉ በፊት ጉባኤው የሚሰማው ድምፅና «ኦተም ሊቭስ» በሦስተኛው ባር ላይ ዶ ቤት ሊገባ ሲል የሚሰማው ድምፅ አንድ ሥራ የሚሠሩ ድምፆች ናቸው። ጃዝም ከዚሁ የመዝሙር ባህል በአሜሪካ ጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን በኩል ብዙ ወርሷል። እንግዲህ በወለጋ ከተሞች በመዘምራን መካከል ያደገ ሰው «ቱ ፋይቭ ዋን» የሚባለውን ስም ባያውቅም ከሦስቱ ሁለቱን ከልጅነቱ ጀምሮ ይዟቸዋል።

ሁለት ተቃውሞዎች ሊቀርቡ ይችላሉ። አንደኛው፣ መዝሙሮቹ ሦስት ኮርድ ብቻ የያዙ ቀላል ነገሮች ናቸው፣ ስታንዳርድ ግን ውስብስብ ነው የሚል ነው። ልዩነቱ አለ፤ ነገር ግን የዓይነት ሳይሆን የመጠን ልዩነት ነው። ስታንዳርዱ የሚጨምረው ከሶል በፊት የሬን ኮርድ፣ በየኮርዱ ላይ አራተኛ ድምፅ፣ በመካከልም የቤት ለውጥ ነው። መሠረቱ ያው ስበት ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል። በአምስት ድምፅ ዜማ ያደገ ጉባኤ የውጭ መዝሙር ሲዘምር ፋንና ሲን አልፎ ወይም ለውጦ ሊዘምራቸው ይችላል፤ ስለዚህ ስበቱ በመንገድ ላይ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ይህ በዜማው ላይ ሊደርስ ይችላል። ሆኖም ዜማው ሲን ቢያልፋት እንኳ አጃቢው ኦርጋን ወይም ዛሬ በየቤተ ክርስቲያኑ ያለው ኪቦርድ በሶል ኮርዱ ውስጥ ይመታታል። ዘማሪው ያልዘመረውን ድምፅ ጆሮው ይሰማዋል፤ ጆሮን የሚሠራውም መስማት ነው።

«ቅኝታችን ኮርድ አይቀበልም» ለሚሉ

ከሁሉ የሚበረታው ክርክር ግን ከቅኝት ወገን የሚመጣው ነው። በምዕራፍ ሦስት እንዳየነው ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ከሰባቱ ድምፆች የጎደሉት ፋ እና ሲ ናቸው፤ የኮርድ ለውጥን የሚያንቀሳቅሱት ሁለቱ ድምፆች በትክክል እነዚያው ናቸው። ስለዚህ ትዝታን በሶል ኮርድ ያጀበ ሰው ዜማው የማያውቃቸውን ሁለት እንግዶች አስገብቷል፤ ዜማው ከቤት ሳይወጣ አጃቢው «እንመለስ» እያለ ይጠራዋል። አንዳንድ የትዝታ ዘፈኖች ከባድ ኮርድ ሲጫንባቸው የራሳቸው ያልሆነ መልክ የሚይዙት ለዚህ ይመስለኛል። ተቃውሞው እስከዚህ ድረስ ትክክል ነው።

ይሁንና ከዚህ ተነስቶ «የእኛ ቅኝት በጠቅላላ ኮርድ አይቀበልም» ማለት ያሳስታል። ባቲ ሜጀርን እንመልከት፤ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ነው። ፋም አለ፣ ሲም አለ፤ የሚያርፉባቸው ሚ እና ዶም አሉ። ከሶል ኮርድ አራት ድምፆች ሦስቱ፣ ከዶ ኮርድ ሦስት ድምፆች ሦስቱም በባቲ ውስጥ ይገኛሉ። የስበቱ ሙሉ መሣሪያ ከአገር ውስጥ ቅኝት ወጣ ማለት ነው። እንግዲህ ትክክለኛው ጥያቄ «ቅኝት ወይስ ኮርድ?» ሳይሆን «የትኛው ቅኝት የትኛውን ኮርድ ይሸከማል?» የሚለው ነው። ይህን የሚመልሰው ደግሞ ስበቱ የት እንዳለ የሚያውቅ ሙዚቀኛ ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1943 በጅማ የተወለደው ሙላቱ አስታጥቄ የኢትዮ ጃዝን መንገድ የከፈተው በዚሁ ጥያቄ ላይ በመሥራት ነው። በእንግሊዝና በቦስተኑ በርክሊ የተማረውን የአሥራ ሁለት ድምፅ ሃርመኒ ከአምስት ድምፅ ቅኝቶቻችን ጋር ሲያጋጥም ብዙ ጊዜ የመረጠው የኮርድ ብዛትን ሳይሆን የሚደጋገም የባስ ሐረግና የሚቆይ የድምፅ ቀለምን ነው። በ1973 ዱክ ኤሊንግተን ከኦርኬስትራው ጋር አዲስ አበባ መጥቶ ከሙላቱ ጋር ሲሠራ የተገናኙት የኮርድ ለውጥን እስከ ጥጉ የሄደበት ሰውና መተውን የመረጠ ሰው ናቸው። «ታዲያ ሙላቱ ከተወው እኛ ለምን እንማረው?» ለሚል የምሰጠው መልስ መተው የሚችለው ያለው ሰው ነው የሚል ነው። ማይልስ ዴቪስም በ1958 በ«ኦተም ሊቭስ» የኮርድ ለውጥ ላይ ተጫውቶ በሚቀጥለው ዓመት በ«ካይንድ ኦፍ ብሉ» አልበሙ ላይ «ሶ ዋት» የተባለውን ዘፈን በሁለት የድምፅ መስኮች ብቻ ሠራው፤ እርሱም 32 ባር ነው። ለውጡን ጠንቅቆ ስላወቀ ዝምታውም ትርጉም አገኘ። ለውጡን ሳያውቁ በአንድ ኮርድ ላይ መቆየትና አውቀው መቆየት ለጆሮ አንድ አይደሉም፤ ሁለተኛው ውሳኔ ነው።

አንባቢ ከዚህ ምዕራፍ አንድ ነገር ብቻ ይዘው ቢወጡ ሁለቱን መስመሮች ይዘው ይውጡ። በቤተ ክርስቲያን፣ በትምህርት ቤት ወይም በወዳጅ ቤት ያለ ኪቦርድ ላይ በግራ እጅ ሬ፣ ሶል፣ ዶ፣ ፋ፣ ሲ፣ ሚ፣ ላ ይምቱ፤ በቀኝ እጅ ፋ፣ ፋ፣ ሚ፣ ሚ፣ ሬ፣ ሬ፣ ዶ ይበሉ። ከዚያ ቀኝ እጅዎን ትተው በራስዎ ድምፅ ይዘምሩት። ሲቻል ሁለተኛውን መስመር ሌላ ሰው ይዝፈን፤ የመዘምራን ቡድን ላለው ከተማ ይህ አስቸጋሪ አይደለም። የኮርድ ስም መሸምደዱ ከዚያ በኋላ ይደረስበታል፤ የጃዝ ስታንዳርድን መረዳት የሚጀምረው ጉሮሮ ሲያውቀው ነው።